ለባለ ቱቦው ሞኒተር

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ከሚሴን መሐል ለመሐል ያልፋታል። በ1990ዎቹ በዚህ መንገድ ዳር በነበሩ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች ግማሽ ጠረጴዛ ይዞ የሚቀመጥ፣ ጀርባው ወደ ግድግዳው የገፋ አንድ ከባድ ዕቃ ነበር፤ ባለ ቱቦው ሞኒተር። ጠፍጣፋው ስክሪን ሲመጣ የሸኘው ሰው አልነበረም። ዘግይቶም ቢሆን ይህ መሸኛው ይሁን።

የዘር ሐረጉ ሩቅ ነው። ጀርመናዊው ካርል ፈርዲናንድ ብራውን የመጀመሪያውን ቱቦ የሠራው በ1897 እ.ኤ.አ.፣ ከአድዋ ድል በዓመቱ ነበር። ከቱቦው አንገት የሚተኮሰው የኤሌክትሮን ጨረር በመዳብ ጥቅል እየተመራ የመስታወቱን ውስጠኛ ገጽ መስመር በመስመር፣ በሰከንድ 60 ወይም 85 ጊዜ ይጠርጋል፤ እዚያ የተቀባው ፎስፈር በተመታ ቁጥር ይበራል። ያልተመታው ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ጥቁሩ የምር ጥቁር የነበረው ለዚህ ነው። ተተኪው ጠፍጣፋ ስክሪን ከኋላው ሁልጊዜ መብራት ስለሚበራ፣ ጥቁር የሚለው ብዙ ጊዜ ግራጫ ነበር።

አሠራሩ ለዕድሜ ነበር። ውስጡ አየር አልባ በመሆኑ የውጭውን አየር ግፊት የሚችል ወፍራም መስታወት፣ ዙሪያውን የሚያጠብቅ የብረት ቀበቶ፣ ኤክስሬይ እንዳያወጣ እርሳስ የተቀላቀለበት አካል ነበረው። ባለ 17 ኢንቹ ወደ 20 ኪሎ ይጠጋል። የጣርማበርን ጠመዝማዛ ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢትን አልፎ ከሚሴ ለሚደርስ ዕቃ ይህ ጥንካሬ ትርፍ አልነበረም። ሲበላሽም ይከፈታል። ፍላይባኩን፣ ማለት ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠውን ትራንስፎርመር፣ የሚያውቅ ባለሙያ ቱቦው ያጠራቀመውን ኃይል በጥንቃቄ አውጥቶ፣ የተቃጠለውን ለይቶ ይቀይራል።

እኔ ግን ከሁሉ በላይ የማነሣለት ፊደላችንን የያዘበትን መንገድ ነው። ከሚሴ ያለችበት የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ጸሐፊ በአንድ ስክሪን ላይ ሁለት ጽሕፈት ታስተናግዳለች፤ የአፋን ኦሮሞው ደብዳቤ በላቲን ቁቤ፣ የአማርኛው በግዕዝ ፊደል ነው። «ሉ» ቅጥያዋ ከወገቧ፣ «ሊ» ከእግሯ መሆኑ በትንንሽ ፊደል ሲጻፍ በቀላሉ የሚሳት ነገር ነው፤ በአንዲት ቅጥያ የሰው ስም ይለወጣል። ባለ ቱቦው የራሱ ቋሚ የነጥብ ቁጥር ስላልነበረው፣ ጸሐፊዋ ዓይኗ ሲደክም ከ1024 በ768 ወደ 800 በ600 ብታወርደው ፊደሉ ይተልቃል እንጂ አይደበዝዝም። ጠፍጣፋው ላይ ይህን ያደረገ ሰው ፊደሉ እንዴት እንደሚደበዝዝ ያውቃል።

ደግሞ ባለጉዳዩ አለ። ማመልከቻ የሚያጽፍ ሰው ከጸሐፊዋ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ አንገቱን አስግጎ «እዚህ ጋ የአባቴ ስም ተሳስቷል፣ እኅቴ» የሚለው ከጎን እያነበበ ነው። ባለ ቱቦው ከፊት ለተቀመጠችውም ከጎን ላለውም ያው ነበር። ቀጥለው የመጡት ርካሽ ጠፍጣፋ ስክሪኖች ከጎን ሲያዩዋቸው ቀለማቸው ይለወጣል፤ ባለጉዳዩ ስሙን ለማረም ተነሥቶ ከጸሐፊዋ ኋላ መቆም ነበረበት። ይህን የምቆጥረው ትልቅ ጉድለት አድርጌ ነው፤ ሰው በገዛ ጉዳዩ ላይ እኩል ማየት ይገባዋል።

ጉድለቱን አልክድም። በ60 ዙር ሲሠራ ብልጭልጭታው ዓይን ያደክማል፤ በከሚሴ ሙቀት ላይ የራሱን ሙቀት ይጨምራል፤ መብራትም ይበላል። በዓለም ገበያ ግን እስከ መጨረሻው እየተሻሻለ ሄዷል። ሶኒ በ1968 እ.ኤ.አ. በጀመረው ትሪኒትሮን ቱቦ የተሠራው ባለ 24 ኢንቹ ጂዲኤም ኤፍደብሊው 900፣ 2304 በ1440 ነጥብ ያሳይ ነበር፤ ክብደቱ 42 ኪሎ አካባቢ ነው። ዛሬም በፍለጋ የሚገዙት አሉ።

የእኛዎቹ በየመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት አቧራ ለብሰው ተደርድረዋል። በአንገታቸው ያለውን መዳብ የሚፈልግ ቁራሌ አይጠፋም፤ ለዚያ ሲባል በመዶሻ ሲመቱ ቱቦው ወደ ውስጥ ይፈነዳል፣ ፎስፈሩ ይበናል፣ እርሳስ ያለበት ስባሪ አፈር ላይ ይቀራል፤ ከዚያ ዝናቡ ወደ ቦርከና ወንዝ ሊያወርደው ይችላል። ስለዚህ በእጃችሁ ያለውን ሳትሰብሩ፣ ሙሉውን፣ የኤሌክትሮኒክስ ቁርጥራጭ ለሚፈታታ ባለሙያ አስረክቡት።