የቀጭኔዋ ተቀባይ ማን ነው?

ላዮኔል የተባለው ኩባንያ የሚሠራውን የመጫወቻ ባቡር ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ የሚያስኬድ ሰው ውሎ አድሮ ከልኬት ጋር መጋጨቱ አይቀርም። ፉርጎዎቹ ሲሠሩ በግምት 1 ለ48 ታስበው ነው። በዚህ ስሌት አንድ ሙሉ ሰው ከ4 ሴንቲ ሜትር ማነስ አለበት። ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሸጥ የኖረው የሐዲድ ማቋረጫ ዘበኛ ግን ባቡር ሲቃረብ በሩን ከፍቶ፣ ፋኖሱን ይዞ ብቅ ሲል ከጎኑ የሚያልፈውን ፉርጎ ያሳንሰዋል። ልኬት የሚያጠብቁ ወዳጆቼ እሱንም፣ አንገቷን የምትደፋዋን ቀጭኔም፣ ዓሣ የሚዋኝበትን ፉርጎም ከጠረጴዛቸው አንስተዋል። እኔ አላነሳሁም።

ዝም ብዬም ግን አላስቀመጥኳቸው። “ደስ ስለሚለኝ ነው” የሚለው መልስ አያረካኝም። ደስ ማለቱማ ዕቃውን ለመግዛት በቂ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ቦታ ለማግኘት ግን ዕቃው ሥራ ሊኖረው ይገባል። ማን ቀጠረው? ምን ያቀርባል፣ ምንስ ይቀበላል? ምናቤን የማሠራው እዚህ ላይ ነው። የፈለግሁትን እንዳደርግ ሰበብ እንዲፈልግልኝ ሳይሆን የዕቃውን ሥራ እንዲያገኝልኝ።

የዘበኛው ነገር ቀላል ነው። አሜሪካ ውስጥ አውቶማቲክ መዝጊያ ከመስፋፋቱ በፊት በየማቋረጫው ትንሽ ቤት ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቅ፣ ባቡር ሲመጣ ወጥቶ መንገደኛውን የሚያስቆም ሠራተኛ ነበር። ቁመቱን በተመለከተ ደግሞ ጠረጴዛው ፊት ለፊት ጠርዝ ላይ፣ ለተመልካቹ ቅርብ አድርጌ አቆምኩት። ቅርብ ያለ ነገር ተለቅ ቢል ዓይን አይከፋውም።

ብዙ ያሳሰበኝ የዓሣው ፉርጎ ነው። ላዮኔል በ1959 ነው ያወጣው። መስኮቶቹ ሰፋፊ ናቸው፤ ከመስታወቱ ኋላ ዓሣ የተሳለበት ፊልም በሞተር ይዞራል፣ መብራቱም ከውስጥ ያበራለታል። ማታ ክፍሉን አጨልሜ ሳስኬደው እውነተኛ ውሃ የጫነ ይመስላል። ግን ዓሣን በባቡር ማን ያጓጉዛል? ብዙ ሰው ከሁሉም የማይመስል የሚለው ይህንን ፉርጎ ነው፤ ታሪኩን ሳገላብጥ ግን ከሁሉም ጠንካራ መሠረት ያለው ሆኖ አገኘሁት። ሴዝ ግሪን የሚባሉ የዓሣ እርባታ ባለሙያ በ1871 ሻድ የተባለውን ዓሣ ጫጩቶች በወተት ማመላለሻ የብረት ዕቃ አድርገው፣ ውሃቸውን በየመንገዱ እየቀየሩ ከሀድሰን ወንዝ እስከ ካሊፎርኒያው ሳክራሜንቶ ወንዝ በባቡር አደረሱ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሊቪንግስተን ስቶን የሚባሉ ሌላ ባለሙያ ለዚሁ ሥራ የተሰናዳ ፉርጎ ይዘው ወደ ምዕራብ ሲጓዙ ነብራስካ ውስጥ ኤልክሆርን ወንዝ ላይ አደጋ ደረሰባቸው፤ ዓሣውም ወንዙ ውስጥ ቀረ። ከ1880ዎቹ እስከ 1940ዎቹ ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ለዓሣ ማጓጓዣ ብቻ የተሠሩ የራሱ ፉርጎዎች ነበሩት።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ጠረጴዛዬ ላይ ሌላ ነገር ተከተለ። በ1947 የወጣው የወተት ፉርጎ አለኝ፤ ቁልፉን ስጫን ነጭ የለበሰ ሰው በሩን ከፍቶ የወተቱን ዕቃ አንድ በአንድ ወደ መድረኩ ይገፋል። የዓሣውን ፉርጎ ከዚያው መድረክ ማዶ፣ ከውሃ ታንከሩ ሥር አቆምኩት። አሁን ከሚወርዱት ዕቃዎች ገሚሱ ወተት፣ ገሚሱ የዓሣ ጫጩት ነው። ሁለቱ ፉርጎዎች አንዱ የሌላው ምክንያት ሆኑ።

ቀጭኔዋ የኒው ዮርኩ የብሮንክስ መካነ እንስሳት ስም በተጻፈበት ፉርጎ ላይ፣ ጣሪያውን ቀዳ አንገቷን አውጥታ ነው የምትሄደው። መንገዷ ላይ ገመዶች የተንጠለጠሉበት ምሰሶ ይቆማል፤ እዚያ ስትደርስ አንገቷን ትደፋለች። ምሰሶው የጨዋታ ፈጠራ አይደለም። የአየር ፍሬን ከመስፋፋቱ በፊት ፍሬን ያዦች በሚሄድ ባቡር ጣሪያ ላይ ከፉርጎ ፉርጎ እየተሻገሩ የፍሬኑን መሪ በእጃቸው ያጠብቁ ነበር። ዝቅ ያለ ድልድይ ወይም ዋሻ ከመድረሱ በፊት የተንጠለጠሉት ገመዶች ሲነኳቸው ጎንበስ ይላሉ። ቀጭኔዋን ጎንበስ የሚያደርጋት ግን ገመዱ አይደለም፤ ከሐዲዱ ጋር የተገጠመ ማንሸራተቻ ከፉርጎው ሥር ያለውን ክፍል ሲነካው ነው። ማንሸራተቻው አጭር ስለሆነ ወዲያው ቀና ትላለች። ዋሻ ቢሆን ውስጥ ገብታ ጣሪያው በመታት ነበር። ስለዚህ ከሎኮሞቲቩ ጭስ ማውጫ ጥቂት ብቻ ከፍ ያለ፣ ጠባብ የእግረኛ ድልድይ ከእንጨት ሠርቼ በትክክል ከማንሸራተቻው በላይ አጋደምኩት፤ ገመዶቹን ከሱ አስቀድሜ ተከልኩ። ድልድዩ ባይኖር ቀጭኔዋ የምትጎነበስበት ምክንያት የለም።

በአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር፣ ድሬዳዋ ጣቢያ ጭነት ክፍል ያገለገሉ አንድ አባት ቤቴ መጥተው ይህን ሁሉ በጸጥታ ተመለከቱና፣ “አንተ ልጅ፣ የዚች ቀጭኔ ተቀባይ ማን ነው?” አሉኝ።

“መካነ እንስሳቱ ነው፣ ጋሼ።”

“እሱ መድረሻዋ ነው። ላኪውስ? በመንገድ ማን ያበላታል? ወረቀቷ የታለ?”

ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ጭነት ካርድ እጽፋለሁ። የቀጭኔዋ እንዲህ ይላል፦ “ላኪ፦ የወደቡ እንስሳት ማቆያ። ተቀባይ፦ የብሮንክስ መካነ እንስሳት፣ የቀጭኔ ክፍል ኃላፊ። ማሳሰቢያ፦ ድርቆሽና ውሃ በሁለተኛው ጣቢያ፤ ከድልድዩ በፊት በዝግታ።” ድርቆሹ ካርዱ ላይ ስለተጻፈ ሁለተኛው ጣቢያ የድርቆሽ ክምር አስፈለገው፤ ክምሩም ጋሪ ጠራ። ጋሪውን በምናቤ አልፈጠርኩትም፤ ጭነቱ ነው የጠየቀው።

ካርዱ የሚመልሰውም አለ። ላዮኔል በ1950ዎቹ መጨረሻ ሚሳኤል ሲመታው የሚበታተን ፉርጎ አውጥቶ ነበር። ላኪ ልጽፍለት እችላለሁ፤ ተቀባይ ግን የለውም፣ ሥራው መፈንዳት ብቻ ነውና። አልገባም። ሚሳኤል ጫኙ ፉርጎ ግን ገብቷል፤ የአሜሪካ አየር ኃይል በ1960 ሚኒትማን ሚሳኤሎችን በባቡር እያዘዋወረ ማቆየት ይቻል እንደሆነ በእውነተኛ ሐዲድ ላይ ሞክሯል። የኋለኛውን መስመር ሰጥቼዋለሁ፤ ቀጭኔዋ ካለችበት ባቡር ጋር ግን አልቀጥለውም።