ካዛንቺስ፦ አከራዩ መንግሥት የነበረበት ሰፈር

ስለ አዲስ አበባው ካዛንቺስ ሲጻፍ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ይበዛል። አንደኛው የሌሊቱን ካዛንቺስ፣ ቡና ቤቱንና ሙዚቃውን ይናፍቃል። ሁለተኛው በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ለኮሪደር ልማት የፈረሰውን ሰፈር «የተጎሳቆለ» ብሎ በአንድ ቃል ያልፈዋል። ሁለቱም የዘለሉት ነገር አለ፤ የሰፈሩ ታሪክ የሚጀምረውም የሚያበቃውም በመንግሥት ቤት ነው።

ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ያሠራቸው ቤቶች ለሰፈሩ ስም አወጡለት። ከነጻነት በኋላ በእነሱ ዙሪያ የጭቃ ቤት እየበዛ ሄደ። በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ተመርቆ አካባቢው የትልልቅ ድርጅቶች መቀመጫ ሲሆን፣ ካዛንቺስ ዘበኛው፣ አብሳዩና ጽዳት ሠራተኛዋ በእግራቸው ሥራ ደርሰው የሚመለሱበት ሰፈር ሆነ። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ ቤቶች ወደ ቀበሌ ገቡ። በቀበሌው በኩል አከራዩ መንግሥት ሆነ።

ታውቆ የማይጻፈው የምርጊቱ ጉዳይ ነው። የጭቃ ቤት በተፈጥሮው ደካማ አይደለም። ማገሩ ከምስጥ ከተጠበቀ፣ ግድግዳው በየጊዜው በጭድ ጭቃ ከተመረገ፣ ያረጀው ቆርቆሮ ከተለወጠ፣ ልጅ ወልዶ የልጅ ልጅ ያሳያል። ይህ ግን የማያቋርጥ እጅና ገንዘብ ይፈልጋል። የቀበሌ ኪራይ ለአሥርት ዓመታት ባለበት ቆመ፤ ብዙ ቤተሰብ በወር ከ10 ብር በታች ይከፍል ነበር። በዚህ ገቢ ቤት አይጠገንም። ተከራዩ በራሱ ወጪ ላድስ ቢል ፈቃድ ፍለጋ ይመላለሳል፤ ቢፈቀድለትም ገንዘቡን የሚያፈሰው በማይወርሰው ንብረት ላይ ነው። ስለዚህ ግድግዳው ሲያዘነብል ድጋፍ ያቆምለታል፤ ጣሪያው ሲያፈስ ፕላስቲክ አልብሶ ድንጋይ ይጭንበታል። ኋላ የደሳሳ ሰፈር ማስረጃ ተብሎ ፎቶ የተነሳው ያ ፕላስቲክና ያ ድንጋይ ነው። አከራይ ሳይጠግን የኖረውን ቤት ራሱ «አርጅቷል» ብሎ ሲያፈርሰው፣ የከተማ ታሪክ ጸሐፊ ነኝ የሚል ሰው የእርጅናውን ምክንያት ሳይጠይቅ ማለፉ ስንፍና ነው።

ከዚህም በላይ ችላ የተባለው ደባል ነው። በሌላ ሰው ውል ሥር፣ በመጋረጃ ወይም በኮምፔርሳቶ በተከፈለ ክፍል የሚኖረው ማለቴ ነው፤ ከገጠር የመጣች የእህት ልጅ፣ ሥራ ፈላጊ ወጣት፣ ባሏ የሞተባት የአገር ልጅ። አስተዳደሩ ደባልን እንደ ውዝግብ ምንጭ አየው፤ አጥኚው እንደ መጨናነቅ ቆጠረው። መጨናነቁ እውነት ነው። መጸዳጃው ለብዙ አባወራ አንድ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ይሞላል፣ ሽታው ከቤት ቤት ይገባል። የዚህን መከራ ማሳመር ነዋሪውን መበደል ነው። ሆኖም መንግሥት ለአንድ ቤተሰብ የሰጠውን ክፍል ነዋሪው ለሁለትና ለሦስት አብቃቅቶታል። ከተማዋ ለድሃ ቤት ሳትሠራ በቆየችባቸው ዓመታት ቤት ያቀረበው ደባሉን ያስገባው ተከራይ ነው። ለዚህ ሥራው አንድም የፕላን ሰነድ ሲያመሰግነው አላየሁም።

ምትክ ቤት ሲታደል በዋናነት የሚቆጠረው ውል ነው፤ ስሙ በውል ያልሰፈረ ሰው ከሰፈሩ ጋር ሊበተን ይችላል። ከካዛንቺስ የተነሱ ብዙዎች ገላን ጉራ ገብተዋል። ከጭቃው ግድግዳና ከጋራው መጸዳጃ መገላገል ቀላል ነገር አይደለም። ግን ካዛንቺስ ለሥራ ቅርብ ነበር፤ ገላን ጉራ ካለበት ከከተማዋ ደቡብ ዳርቻ መሐል ከተማ ለመድረስ የትራንስፖርት ገንዘብ በየቀኑ ይወጣል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራምም በ20/80 መርሐ ግብሩ 20 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ ጠየቀ፤ አብዛኛውን ቤትም ዳር ላይ ሠራ። የቀበሌ ቤት፣ ከነምስጡና ከነፍሳሹ፣ አዲስ አበባ ካየቻቸው የቤት ፖሊሲዎች ሁሉ ድሃን ያለ ቅድሚያ ክፍያ በመሐል ከተማ በስፋት ያኖረው ነው። እኔ ከየትኛውም ባለፎቅ ሰፈር አስበልጬ የማከብረው እሱን ነው።

አሁን አጥኚዎች መያዝ ያለባቸው ወረቀቱን ነው፤ የኪራይ ካርኒውን፣ የደባልነት ክርክሩን መዝገብ፣ ተከራዮች ለቀበሌ የጻፉትን የጥገና ማመልከቻ። ቢሮ በተዛወረና መዋቅር በተለወጠ ቁጥር ፋይል ይጠፋል። የቀረው በየወረዳው እያለ ይሰብሰብ።