ስለ ቡድን ዋስትና፤ በጉና ደጋ ሲመዘን

በደብረ ታቦርና በጉና ተራራ ዙሪያ ስላለው የገጠር ብድር ሲነገር፣ የቡድን ዋስትና የዕድርና የዕቁብ ወንድም እንደ ሆነ ተቈጥሮ ይመሰገናል። ይህ አስተያየት ሲመረመር ግን እውነትነቱ በከፊል ብቻ ነው።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሬት እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ ስለ ደነገገ፣ ባላገሩ ለባንክ የሚያስይዘው ንብረት እምብዛም አልነበረውም። በ1988 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 40 ለአነስተኛ የብድር ተቋሞች በር ከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ፀደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋምም በቡድን ዋስትና ሲያበድር ኖረ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ጎረቤታሞች ይቧደናሉ፣ አንዱ ቢያጎድል የቀሩት ይከፍላሉ።

የዚህ ብልሃት ጥቅሙ ዕውቀት ነው። ማን ታታሪ፣ ማን አባካኝ እንደ ሆነ ከብድር ሠራተኛው ይልቅ ጎረቤት ያውቃል። ነገር ግን ዕድር የሚደርሰው ለሐዘን ነው፤ ሞት የሁሉንም ቤት በአንድ ቀን ስለማያንኳኳ ብዙዎቹ አንዱን ለመደገፍ ይችላሉ። ዕቁብም ቢሆን ከአባላቱ እጅ የወጣ ገንዘብ እንጂ ከውጭ የመጣ ዕዳ አይደለም። የጉና ውርጭ ግን ገብሱንና ድንቹን ሲመታ ተበዳሪውንም ዋሱንም በአንድ ሌሊት ይመታል። ያን ጊዜ ሁሉም በጎቹን ወደ ገበያ ስለሚነዳ ዋጋው ይወድቃል፤ ዕዳውም በዚያው መጠን ይከብዳል።

«እንግዲያውስ ደገኛውንና ቆለኛውን በአንድ ቡድን እናዋሕድ» የሚል ቢኖር፣ እነዚህ ሰዎች ስለማይተዋወቁ የመጀመሪያው ጥቅም ይጠፋል። ከዚህም ሌላ ሰው የሚቧደነው ከእኩያው ጋራ ነው፤ በሬ የሌላትን ባልቴት ማን ይዋሳታል? ብልሃቱን በዓለም ያስታወቀው የባንግላዴሹ ግራሚን ባንክ እንኳ በኋላ አሠራሩን ሲያሻሽል የጋራ ተጠያቂነትን ትቷል።

ስለዚህ መፍትሔው ዋስትናውን ማጥበቅ አይደለም። የሰብሉ ጉዳት በቀበሌው ሲረጋገጥ የመክፈያው ጊዜ ለሚቀጥለው መኸር ይተላለፍ። ዋስ ስለ ባልንጀራው ስንፍና ቢጠየቅ ተገቢ ነው፤ ስለ ውርጭ ግን ሊጠየቅ አይገባውም። ሌሎች ተማሪዎችም ይህን ሐሳብ በየአገራቸው ቢፈትኑት መልካም ይሆናል።