ስድስት ስፒከር ከሁለት ይበልጣል? ሙዚቃን በሆም ቴአትር ስለማዳመጥ

የድምፅ ዕቃ ሱቅ ብትገቡ መጀመሪያ የሚቀርብላችሁ ክርክር የሒሳብ ነው። ሁለት ስፒከር ካለው ስድስት ያለው፣ መቶ ዋት ከተጻፈበት ሺህ የተጻፈበት ይሻላል ነው ነገሩ። ዋጋቸው ተቀራራቢ ከሆነ ደግሞ ምርጫው ያለቀለት ይመስላል። ለፊልም ከሆነ ብዙም አልከራከርም። ለሙዚቃ ከሆነ ግን፣ በአንድ ካርቶን ታሽጎ ከሚሸጥ ሆም ቴአትር ይልቅ በዚያው ገንዘብ የተገዛ አምፕሊፋየርና ሁለት ደህና ስፒከር ይሻላችኋል እላለሁ። ይህን የምለው በጣዕም ብቻ አይደለም። ምክንያቱን ደረጃ በደረጃ ማየት ይቻላል።

ከቀረጻው እንጀምር። በሲዲም ይሁን በፍላሽ ወይም በዩቲዩብ፣ የምትሰሙት ሙዚቃ አብዛኛው የተሠራው ለሁለት ቻነል ነው፤ ለግራና ለቀኝ። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብሉምላይን የስቴሪዮን ዘዴ ለፈጠራ መብት ያቀረበው በ1931 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የሚገርመው፣ እሱም ያሰበው ስለ ፊልም ድምፅ ጭምር ነበር። የዘፋኙ ድምፅ በሁለቱ ቻነሎች እኩል ከተቀመጠ፣ ዘፋኙ በስፒከሮቹ መካከል፣ ምንም ዕቃ በሌለበት ባዶ ቦታ ላይ የቆመ ይመስላል። ቦታውን የሚሠራው አእምሯችን ነው፤ ለሁለቱ ጆሮዎች በሚደርሰው ድምፅ መካከል ያለውን የጊዜና የጉልበት ልዩነት እያነጻጸረ። የቀረጻ ባለሙያውም ክራሩን ወደ ግራ፣ ሳክስፎኑን ወደ ቀኝ ሲያደርግ ይህን አምኖ ነው።

እንግዲህ ሁለት ቻነል ብቻ ያለውን ዘፈን ለአምስት ስፒከርና ለአንድ ሰብዉፈር ስትሰጡት (5.1 የሚባለው ይኼ ነው) ማሽኑ ምን ያድርግ? የቀሩትን ቻነሎች ከራሱ መፍጠር አለበት። አንደኛው መንገድ፣ እንደ ዶልቢ ፕሮ ሎጂክ ሁለት ያሉት የሚያደርጉት፣ በግራና በቀኝ የሚመሳሰለውን ወደ መሐል፣ የሚለያየውን ወደ ኋላ መላክ ነው። ይህ በደንብ ሲሠራ አይጠላም። ግን ከፊት ዘፋኙን አጅበው እንዲቆሙ የተቀረጹት ተቀባዮች፣ ወይም የአዳራሹ ማስተጋባት፣ በድንገት ከሶፋችሁ ጀርባ ብቅ ሊሉ ይችላሉ።

ሁለተኛው መንገድ ይብሳል፤ ያንኑ ድምፅ ለሁሉም ማከፋፈል። ጀርመናዊው ሄልሙት ሃስ በ1949 ባቀረበው ጥናት እንዳሳየው፣ አንድ ዓይነት ድምፅ ከሁለት ቦታ በጥቂት ሚሊሰከንድ ልዩነት ሲደርሰን፣ ጆሯችን ቀድሞ የደረሰውን ያምናል። የእኛ ሳሎን ውስጥ ደግሞ ሶፋው ብዙ ጊዜ ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚቀመጠው። የኋላው ስፒከር አንድ ሜትር፣ የፊቱ ሦስት ሜትር ቢርቃችሁ፣ የሁለት ሜትር ልዩነት 6 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ርቀቱን ማስተካከያ ሜኑ ከሌለው፣ ወይም ኖሮት ማንም ካልነካው፣ ዘፋኙ ከማጅራታችሁ ኋላ ሆኖ ሊዘፍንላችሁ ነው ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ግን «ስቴሪዮ» የሚለውን አዝራር በመጫን ማጥፋት ይቻላል። በአዝራር የማይጠፋው ችግር የስፒከሮቹ መጠን ነው። ከካርቶኑ የሚወጡት ትንንሽ ስፒከሮች መዳፍ የሚያክሉ ናቸው። ትንሽ ስፒከር ወፍራም ድምፅ ለማውጣት በቂ አየር መግፋት አይችልም፤ ስለዚህ ከተወሰነ ድግግሞሽ በታች ያለው ሁሉ ተቆርጦ ወደ ሰብዉፈሩ ይላካል። መቁረጫው 80 ኸርዝ አካባቢ ቢሆን ችግር አልነበረውም፤ ከዚያ በታች ጆሯችን ድምፁ ከየት እንደመጣ ለመለየት ይቸገራል። መዳፍ የሚያክል ስፒከር ግን እስከዚያ አይወርድም። መቁረጫው 150፣ አንዳንዴም 200 ኸርዝ ላይ ይደረጋል። የወንድ ድምፅ መሠረታዊ ድግግሞሽ ደግሞ በንግግር ከ85 እስከ 180 ኸርዝ ገደማ ነው። ምን ማለት እንደሆነ ይታያችኋል? የጥላሁን ገሠሠ ድምፅ ዝቅ ሲል ደረቱ ቡፌው ሥር ካለው ሳጥን፣ ከንፈሩ ከቴሌቪዥኑ ጎን ይወጣል።

በገና ላይ ነገሩ ይከፋል። የበገና ድምፅ ሁለት ነገር አንድ ላይ ነው፦ የጅማቱ ወፍራም ድምፅ፣ እና እንዝራዎቹ (ከጅማቱ ሥር የሚገቡት ትንንሽ ቆዳዎች) የሚፈጥሩት ንዝረት። ወፍራሙ ክፍል ታች ነው፤ ንዝረቱ ደግሞ ከላይ ባሉት ድግግሞሾች ተዘርግቷል። መሣሪያውን በገና የሚያሰኘው ሁለቱ ከአንድ ጅማት መነሳታቸው ነው። ታዲያ መቁረጫው እዚያው መሐል ሲያርፍ አንዱን መሣሪያ ለሁለት ይሰነጥቀዋል። ጥግ ላይ አንድ ነገር ያጉረመርማል፤ ፊት ለፊት ደግሞ ንብ የሚመስል ነገር ይጮኻል። ይህን እየሰማ ያደገ ልጅ በገና ማለት ይህ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። እኔን የሚከነክነኝም ከዋጋው ይልቅ ይኼ ነው።

ዋቱን በአጭሩ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው «ፒ.ኤም.ፒ.ኦ.» የሚባለው ቁጥር አንድ ወጥ መለኪያ የለውም፤ አምራቹ የፈለገውን ያህል ሊያሳብጠው ይችላል። ዕቃውን አዙሩትና ከጀርባው ከመስመር የሚወስደውን ኃይል አንብቡ። 80 ዋት የሚወስድ ዕቃ ሳያቋርጥ 1000 ዋት ሊያወጣ አይችልም፤ የኃይል ጥበቃ ሕግ ለማንም ብራንድ አያዳላም። ደግሞስ ምን ያደርግላችኋል? ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ለጆሯችን እጥፍ የጮኸ እንዲመስል አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። በመደበኛ ሳሎን፣ ወሬ በማያቋርጥ መጠን ስታዳምጡ የምትጠቀሙት ብዙ ጊዜ ከአንድ ዋት አይበልጥም።

የሃይፋይ ሰዎችም ቢሆኑ ንጹሐን አይደሉም። «ልዩ ኬብል ካልገዛህ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይህን አስሉ፦ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነው የመዳብ ሽቦ (ለአምፖል መስመር የሚዘረጋው) ለሦስት ሜትር ርቀት ደርሶ መልስ 0.07 ኦም አካባቢ ነው። ከ8 ኦም ስፒከር ጋር ሲነጻጸር ከመቶ አንድ አይሞላም። የኬብሉን ገንዘብ ስፒከሩ ላይ ጨምሩት።

ሆም ቴአትር የሚያሸንፍበት ቦታ አለ፤ መካድ አያስፈልግም። የፊልም ንግግር በመሐል ስፒከር ጥርት ይላል። ከመጀመሪያው ለ5.1 የተቀላቀለ የኮንሰርት ዲቪዲ ካላችሁም በሁለት ስፒከር የሚቀርባችሁ ነገር አለ። ፊልምም ሙዚቃም ለሚወድ ቤት እኔ የምመርጠው ለየብቻ የሚሸጠውን የሆም ቴአትር አምፕሊፋየር ነው (ውጭ አገር «ሪሲቨር» ይሉታል፤ ከዲሽ ሪሲቨር ጋር እንዳይምታታባችሁ)። ዛሬ ሁለት ጥሩ ስፒከር ብቻ ግዙለት፤ ሌሎቹ ብር ሲገኝ ይደርሳሉ።

የድሮ ዘፈን ወዳጆች ደግሞ ሁለት ቻነልም ላይኖራችሁ ይችላል። ሙላቱ አስታጥቄ በ1972 ኒው ዮርክ የሠራው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» በ2017 እንደገና ሲታተም ከስቴሪዮው ጋር የሞኖ ቅጂውም ወጥቷል። ሞኖ ሲባል «የጎደለው» አይምሰላችሁ። በሁለት እኩል ስፒከሮች መሐል ሲቀመጥ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ወደ ስድስት ሳጥን ስትበትኑት ነው የሚፈርሰው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከዕቃው እኩል የሚወስነው ክፍሉ ነው። የብሎኬት ግድግዳና የሴራሚክ ወለል ያለው አራት ሜትር ሳሎን በ43 ኸርዝ አካባቢ በራሱ ያስተጋባል፤ የቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ክር 41 ኸርዝ ነው። ስፒከሩን ጥግ ስታስጠጉት ይኼ ይባባሳል። ስለዚህ ከቡፌው ላይ አውርዷቸው፤ ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል ይራቁ፤ ትንሿ ስፒከር በተቀመጣችሁበት የጆሯችሁ ቁመት ላይ ትሁን። ሁለቱ በሁለት ሜትር ቢራራቁ እናንተም ከእያንዳንዳቸው ሁለት ሜትር ራቁ። ወለሉ ላይ ምንጣፍ፣ መስኮቱ ላይ ወፍራም መጋረጃ። ሶፋውን ከግድግዳው ትንሽ ሳብ ማድረግም ይረዳል፤ እናታችሁ ከፈቀዱ።