«መያዝ» የሚለው ቃል በፍርድ አፈጻጸም ቋንቋ፤ ሂሳዊ አስተያየት

የተፈረደበት ሰው በፍርዱ መሠረት ሳይከፍል የቀረ እንደ ሆነ፣ ፍርድ ቤቱ ያ ሰው ከሌላ የሚቀበለው ገንዘብ፣ ይኸውም በባንክ ያስቀመጠው ወይም ከአሠሪው የሚያገኘው ደመወዝ፣ ለፍርድ ባለመብቱ እንዲውል ያዛል። ለዚህ ሥርዓት የሕግ አማርኛችን የሚጠቀምበት ዋና ቃል «መያዝ» ነው። ቃሉ አጭርና የቆየ ነው፤ ከግእዙ «አኀዘ» ጋርም ሥሩ አንድ ነው። ይሁን እንጂ ሊሸከም ከሚችለው በላይ እንደ ተጫነበት ከዚህ በታች ለማሳየት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ፣ «መያዣ» የሚለው ስም ሌላ ሥራ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መያዣ የሚለው ለዕዳ ዋስትና የሚሰጠውን ንብረት ነው። በፍርድ የሚያዘው ገንዘብ ግን የባለዕዳው ፈቃድ አይጠየቅበትም። ሁለተኛ፣ ሰው «ተያዘ» ሲባል ሰሚው የሚረዳው እስራትን ነው። ሦስተኛ፣ ገንዘቡ በእጁ የሚገኘውን ሦስተኛ ወገን ከዚሁ ግሥ አውጥተን እንሰይመው ብንል «ገንዘብ ያዥ» ይሆናል፤ ይህ ደግሞ በየመሥሪያ ቤቱ የታወቀ የሥራ መደብ መጠሪያ ነው። «የፍርድ ባለዕዳው ባለዕዳ» ያልን እንደ ሆነ ፍቺው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ተርጓሚው በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ባለዕዳዎች ሲገጥሙት የትኛው እንዲከፍል እንደ ታዘዘ ለመለየት ይቸገራል።

አንዳንዶች «ማገድ»ን ይመርጣሉ። ለባንክ ሒሳብ ሲሆን ያስኬዳል። ለደመወዝ ሲሆን ግን «ከሥራና ከደመወዝ ታገደ» ከሚለው የዲሲፕሊን አነጋገር ጋር ይጋጫል፤ ዕዳ ያለበት ሠራተኛ ጥፋት እንደ ፈጸመ ያስመስለዋል።

የቃሉ ድፍንነት ጉዳት አለው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 404 ከደመወዝ ሁለት ሦስተኛው እንዳይነካ፣ የቀን ደመወዙ ከ2 ብር የማይበልጥ ከሆነም ጨርሶ እንዳይነካ ደንግጓል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በአንድ ጊዜ የሚቀነሰው ከወር ደመወዝ ከአንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ወስኗል። «ደመወዙ ይያዝ» የሚል ደብዳቤ ግን ሙሉውን ወይስ ሲሶውን እንደሆነ፣ እንዲሁም ቆይቶ ይጠበቅ ወይስ ለፍርድ ቤት ገቢ ይደረግ እንደሆነ ከቃሉ አይታወቅም። የሚጎዳውም ቤተሰቡን በቀሪው የሚያስተዳድረው ሰው ነው።

የሌሎችን ልምድ ስንመረምር ፍንጭ እናገኛለን። የእንግሊዝኛው «ጋርኒሽመንት» ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን፣ መነሻ ፍቺው ማስጠንቀቅ ነው። የእኛ ሥነ ሥርዓት ሕግ በብዙ የሚመስለው የ1908 እ.ኤ.አ. የሕንድ ሕግም የገንዘብ መብትን የሚይዘው በክልከላ ትእዛዝ ነው፤ ከፋዩ እንዳይከፍል፣ ተቀባዩም እንዳይቀበል ይከለከላሉ። ስለዚህ የነገሩ እምብርት ለሦስተኛው ወገን የሚደርሰው ቃል እንጂ በእጅ የሚጨበጥ ዕቃ አይደለም።

በዚህም መሠረት ሦስት ስያሜዎችን ለውይይት እናቀርባለን። ገንዘቡ ለባለዕዳው እንዳይከፈል የሚያዘው «የክፍያ ክልከላ»፤ ከደመወዝ በየወሩ የሚነሣው «የፍርድ ተቀናሽ»፤ ትእዛዙ የደረሰው ባንክ ወይም አሠሪ «የታዘዘ ከፋይ» ይባል። ገንዘቡን ማስረከቡ ቀድሞውኑ በቢሮ ቋንቋ «ገቢ ማድረግ» ስለሚባል አዲስ ቃል አያሻውም። «መያዝ» ግን ለሚጨበጥ ንብረት እንደ ነበረ ይቆይ።

ሃምሳ ዓመት ያለፈው ቃል ለምን ይነካል የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ ተገቢም ነው። «ወለድ አግድ» የመሰለ ነባር ቃል በፍትሐ ብሔር ሕጉ ውስጥ መጠበቁን የምናደንቀውም ስለዚሁ ነው። ነገር ግን «ወለድ አግድ» አንድን ነገር ብቻ ይጠራል፤ «መያዝ» ግን አራቱን።

በቀድሞው ዘመን አበዳሪና ተበዳሪ በሰንሰለት ተቆራኝተው ይኖሩ ነበር፤ «ቁራኛ» የሚለው ቃል የዚያ ምስክር ነው። ሰንሰለቱ ከሰው እጅ ወደ ገንዘቡ ከተዛወረ፣ ስያሜውም አብሮ መዛወር ይገባዋል።