ድስቱ ከስንቁ በኋላ

ድንኳኑንና ምግቡን በጀርባው ተሸክሞ ተራራ የሚወጣ ሰው ድስት ሲመርጥ ሐሳቡ ሁሉ ክብደት ላይ ይሆናል። ሱቅ ገብቶ አንዱን አንሥቶ ሌላውን እየጣለ በመጨረሻ የሚይዘው በጣም የቀለለውን ነው። የቀለለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቲታኒየም ነው፤ ዋጋውም ከሌላው ይበልጣል። እኔ ግን እነዚህን ዕቃዎች ተሸክሜ በሄድኩ ቁጥር ይበልጥ እየጸናብኝ የመጣው ሌላ እምነት ነው፤ ቀድሞ መወሰን ያለበት ስንቁ ነው። ምን እንደሚበላ ያልወሰነ ሰው ድስት መምረጥ አይችልም።

ክብደቱን እንየው። አሉሚኒየም በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 2.7 ግራም ይመዝናል፤ ቲታኒየም 4.5፤ ስቴንለስ ስቲል ወደ 8 ይጠጋል። ቲታኒየም ከአሉሚኒየም እየከበደ ድስቱ የሚቀለው፣ ጥንካሬው ግድግዳውን አሳስቶ ለመሥራት ስለሚያስችል ነው። 750 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የቲታኒየም ድስት 100 ግራም ገደማ ነው፤ በመጠን እኩያው የሆነ የአሉሚኒየም ድስት ደግሞ 150 ግራም አካባቢ። በመካከላቸው ያለው 50 ግራም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ማለት ነው። ሁለት ሊትር ውሃ ተሸክሞ ለሚሄድ ሰው ይህ የሚያስጨንቅ ልዩነት አይደለም።

ዋናው ልዩነት የሚታየው እሳት ላይ ነው። አሉሚኒየም ሙቀት በማስተላለፍ ቲታኒየምን 10 እጥፍ ገደማ ይበልጠዋል። የመንገደኛ ምድጃ ነበልባሉ ጠባብ ስለሆነ የሚያርፈው የድስቱ መሐል ላይ ነው። አሉሚኒየም ያንን ሙቀት ወዲያው ወደ ዳር ያዳርሰዋል፤ ቲታኒየም ግን እዚያው መሐሉ ላይ ይዞት ይቀራል። ውሃ ብቻ ለሚያፈላ ሰው ይህ ችግር አይሆንም፤ ውሃው ራሱ ከታች ወደ ላይ እየተገላበጠ ሙቀቱን ያከፋፍላል። ሽሮ ግን እንዲህ አይገላበጥም። ወፈር ማለት ሲጀምር ከሥር ያለው ባለበት ይቆማል፤ ዳር ዳሩ ገና ጥሬ ጥሬ እየሸተተ መሐሉ ላይ ጥቁር ክብ ያርራል። ቶሎ ቶሎ ማማሰል ይረዳል፤ ሆኖም ስሱ ቲታኒየም ላይ ማንኪያው ለአፍታ ካረፈ ለማረር በቂ ነው። ያረረ ሽሮ ደግሞ ከሥሩ ቢተውም ሽታው የላዩን ሁሉ ይይዘዋል።

ስለዚህ ሽሮ ለሚበላ ሰው ገጹ የጠነከረ፣ አኖዳይዝድ የሚባለውን አሉሚኒየም እመርጣለሁ። ሽሮውን አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ እሳት ላይ መጣድ ከመጓጎል ያድናል፤ ማማሰያው ትንሽ የእንጨት ማንኪያ ቢሆን የድስቱ ገጽ አይጫርም። ሽሮው ተንተክትኮ ዘይቱ ብቅ ሲል አውርዶ ድርቆሽ መፈርፈርና ከድኖ ጥቂት ደቂቃ መተው ነው። ምድጃው ጠፍቶ ምግቡ በራሱ ሙቀት ይርሳል።

ይህ ስንቅ ለከፍታም የተመቸ ነው። በሰሜን ተራሮች ግጭ ሰፈር 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እዚያ ውሃ የሚፈላው በ88 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ እሳቱ ቢጨመርም እንፋሎቱ እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ምስርና ክክ እዚያ ቶሎ አይበስሉም፤ ጥሬውን ይዞ የወጣ ሰው ነዳጁን ጨርሶ ጥርሱ ሥር የሚንኳኳ ምግብ ይበላል። የሽሮ እህል ግን ቤት ውስጥ ተቆልቶ የተፈጨ ነው፤ ድርቆሽም ተጋግሮ የደረቀ ነው፤ ዋናው ሥራ እናቶቻችን ምድጃ ላይ አልቋል። በሶማ ጭራሽ እሳት አይፈልግም። ለአንድ ሌሊት ብቻ የሚወጣ ሰው በሶና ቆሎ ይዞ ድስቱን ቤት ቢተው ቅር አይበለው።

መጠኑን በተመለከተ የውጭ አምራቾች «ለአንድ ሰው» የሚሉት 750 ሚሊ ሊትር ለእኛ ይጠባል። አንደኛ፣ ሽሮ ሲንተከተክ ስለሚፈናጠር የድስቱ ሲሶ ባዶ መሆን አለበት። ሁለተኛውና ለእኔ ዋናው፣ በሰሜን ተራሮች ፓርክ ብቻውን የመጣ መንገደኛም ቢሆን መሣሪያ የያዘ ስካውት አብሮት ይወጣል። ስካውቱ የራሱ ስንቅ ይኖረዋል፤ ግን ብርዱ አጥንት እየሰበረ ትኩስ ምግብ ከፊት አቅርቦ «እንብላ» የማይል ማን ነው? «እንብላ» ከተባለ ደግሞ የሚቀመስ ነገር መኖር አለበት። 1.2 ሊትር የሚይዝ ድስት የምመክረው ለዚህ ነው። የሚጨምረው ክብደት ያን ያህል አይደለም።

ቅርጹ ሰፋ፣ ዝቅ ያለ ይሁን። ጠባብና ረጅም ድስት ቦርሳ ውስጥ ይመቻል፤ ነበልባሉ ግን በጎኑ አምልጦ ነፋስ ያሞቃል። ክዳን ደግሞ የግድ ነው። ክብደት ለመቀነስ ክዳኑን ጥለው የሚሄዱ ሰዎች አይቻለሁ፤ በክዳኑ የቆጠቡትን በነዳጅ ይከፍሉታል። የነፋስ መከላከያም እንዲሁ፤ ሲታጠፍ ከመጽሐፍ ገጽ የማይበልጥ ስስ የአሉሚኒየም ወረቀት ይበቃል።

ምድጃውም ከድስቱ ጋር አብሮ መታሰብ አለበት። የጋዝ ቆርቆሮ በአውሮፕላን ማምጣት ክልክል ነው፤ ቡቴን ብቻ የያዘው ዓይነት ደግሞ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ መትነን ያቆማል፣ ውርጭ ባለበት ማለዳ እጅን ያስራል። የአልኮል ምድጃ ቀላልና የማይበላሽ ነው፤ የስዊድኑ ትራንጊያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሲሠራው የቆየው የናስ ማንደጃ 110 ግራም ብቻ ይመዝናል። የአስታ ዛፍ ቆርጦ ማንደድ ግን በምንም ምክንያት አይገባም፤ ያ ዛፍ ለአንድ ሰው ራት ሲባል የሚቆረጥ አይደለም። ድንኳን ዘግቶ ውስጡ ማንደድም ሰው ይገድላል።

ቲታኒየምን የምጠላ አይደለሁም። ለቡና ከእሱ የተሻለ አላውቅም። የሽሮ ሽታ ያለበት ድስት ውስጥ ቡና ማፍላት ቡናውን መበደል ነው፤ ትንሽ የቲታኒየም ኩባያ ሽታ አይይዝም፣ የተፈጨውን ቡና አፍልቶ አተላው እስኪዘቅጥ አቆይቶ በዚያው መጠጣት ይቻላል። ጠርዙም እንደ አሉሚኒየም ከንፈር አይፈጅም።

ከመውጣታችሁ በፊት በዚያው ድስት፣ በዚያው ምድጃ፣ ደጅ ነፋስ ላይ ተቀምጣችሁ አንድ ሙሉ ራት አብስሉ። የፈጀውን ነዳጅ ለክታችሁ በምትወጡበት ሌሊት ቁጥር አባዙና ለብርዱና ለነፋሱ ጥቂት ጨምሩበት። የገዛችሁት ድስት ሽሮ ካሳረረባችሁ ለሻይ አድርጉትና ለምግቡ ሌላ ፈልጉ።