የተጀመረ ፈትል

ሙዳዩ ክዳን የለውም። ነበረው፤ ታላቅ እህቴ አንሥታ ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጠችው። ክዳኑ ከተከደነ እናታችን ውስጡ ያለውን ትረሳዋለች። ክፍት ሲሆን ግን ዐይኗ ያርፍበታል፤ እጇም ይከተላል።

ውስጡ ያለው አንድ እንዝርትና ሦስት አመልማሎ ብቻ ነው። አመልማሎው የጣት ውፍረት፣ የስንዝር ርዝመት አለው። ማታ ማታ የምትጠቀልለው እህቴ ናት። ቀድሞ አሥር ታዘጋጅ ነበር። ሲበዛባት እናቴ ስትደረድረውና መልሳ ስትቆጥረው ትውላለች፤ አትፈትልም። ሦስት ሲሆን ትፈትላለች።

እንዝርቱን አንሥቼ አገላበጥኩት። ቀጭን እንጨት ነው፤ ከቀንድ የተሠራ ክብ አለው፤ ጫፉ ላይ ትንሽ የሽቦ መንጠቆ። እንጨቱ የእናቴ መዳፍ በሚያርፍበት በኩል ለስልሶ ያብረቀርቃል። ከመንጠቆው አንድ ክንድ የሚሆን ክር ወርዶ ከአመልማሎው ጋር ተያይዟል። ይህ መነሻ የእህቴ ሥራ ነው። መጀመሪያ ሰሞን እንዝርቱን ባዶውን ስትሰጣት እናቴ አየት አድርጋ ትመልስላት ነበር። የተጀመረውን ስትቀበል ግን ግራ እጇ አመልማሎውን፣ ቀኟ እንዝርቱን ይይዛል። ማንም አያሳያትም።

እናቴ 81 ዓመቷ ነው። ሐኪም የመርሳት በሽታ፣ አልዛይመር፣ መሆኑን ከነገረን 4 ዓመት ሆነን። አልዛይመር ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው ሂፖካምፐስ የሚባለውን፣ አዲስ ነገር የሚመዘግበውን የአንጎል ክፍል ነው። እጅ በድግግሞሽ የለመደው ሥራ በአመዛኙ በሌላ የአንጎል ክፍል ስለሚያዝ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። እናቴ ቁርስ መብላቷን ትረሳለች፤ ክር ማክረር አልረሳችም። ጥጥ ይዳመጣል፤ ፍሬው ይወጣል፤ ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፤ አመልማሎ ሆኖ ይጠቀለላል፤ ይፈተላል። እያንዳንዱ ሥራ በእጇ አለ። ያቃታት ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ማለፍ ነው። እህቴ ቅደም ተከተሉን ወሰደች፤ ፈትሉን ለእናቴ ተወችላት። እንዲህ በልኩ የተሰፋ ርዳታ ሌላ ቦታ አላየሁም።

የቤቱን ሌላ ዝግጅት አልዘረዝርም። የመታጠቢያ ቤቱ በር ሁልጊዜ ክፍት መሆኑን፣ ጥቁሩ ምንጣፍ ጉድጓድ ስለሚመስላት መነሣቱን ብቻ ልጥቀስ።

የፈትሉ ሰዓትም ታስቦበታል፤ ከቀኑ 10 ሰዓት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እናቴ መቁነጥነጥ ትጀምራለች። «ቤቴ ልሂድ፣ ከብቱ ይገባል» ትላለች። እህቴ አትከራከራትም። ሳይጨልም መብራት ታበራለች፤ መጋረጃውን ትዘጋለች። ጉልበቷ ላይ ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ታነጥፍላታለች፤ ነጭ ጥጥ በነጭ ቀሚስ ላይ ይጠፋባታልና። ከዚያ «እማዬ፣ ሸማኔው ማግ እየጠበቀ ነው» ትላታለች። እውነቷን ነው፤ ይጠብቃል።

እናቴ እንዝርቱን ጭኗ ላይ በመዳፏ ገፋ ታደርገዋለች። ይሽከረከራል። ግራ እጇ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጥጡ እየሳሳ ይከርራል። ክንዷ ተዘርግቶ ሲያበቃ ክሩን እንዝርቱ ላይ ትጠቀልለዋለች። ሲበጠስባት ሁለቱን ጫፍ አደራርባ በጣቷ ታሸዋለች፤ ይያያዛል። አንድ ቀን አጠገቧ ተቀምጬ «ፈትል ማን አስተማረሽ?» አልኳት። እንዝርቱ ቆመ። ፊቴን አየች፣ እጇን አየች፤ መልሳም አልያዘችውም። ከዚያ ወዲህ ስትፈትል ምንም አልጠይቃትም።

የመጀመሪያው አመልማሎ ክር ቀጭንና እኩል ነው። ሁለተኛውም ብዙ አይለይም። ሦስተኛው ላይ ወፈር ወፈር ያለ ቦታ ይበዛል። እህቴ ክሩን በሁለት ጣቷ እየዳበሰች ድካሙን ታውቀዋለች፤ እናቴ ሳትበሳጭ ሙዳዩን ታነሣና ቡና ታቀርባለች። አንዳንድ ቀን ሦስተኛው አይነካም። ለማግስቱ ይተርፋል።

እስከ ጳጉሜን ድረስ 11 ልቃቂት ሞላ። ሸማኔው የፋብሪካ ክር ድር አድርጎ፣ የእናቴን ፈትል ማግ አድርጎ ነጠላ ሠራው። ወደ ብርሃን ሲይዙት የሦስተኛው አመልማሎ ቦታዎች ይታያሉ። ነጠላውን የምትለብሰው እህቴ ናት። 12ኛው ልቃቂት ትናንት ተጀምሯል።